ጣሪያዬ ይረጥባል፣ የላይ ጎረቤቴ ግን «ቤቴ ደረቅ ነው» ይለኛል

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ የመታጠቢያ ቤቴ ጣሪያ ይረጥባል፣ አንዳንዴም ይንጠባጠባል። ከላይ ያለው ጎረቤቴም ተከራይ ነው። ስነግረው «የኔ ቤት ደረቅ ነው፣ ነይና እይ» አለኝ። ገብቼ አየሁት፣ እውነትም ወለሉ ደረቅ ነው። አከራዬ «ከጎረቤትሽ ጋር ተነጋገሪ» ይላል። የጎረቤቴ አከራይ ደግሞ ስልክ አያነሳም። በዚህ ላይ የወጥ ቤቴ ሲንክ እኔ ሳልነካው ቆሻሻ ውሃ ይተፋል። የላዮቹ «ቅባት እየደፋሽ አንቺ ነሽ የዘጋሽው» ይሉኛል። ከጎረቤቴ ጋር ሰላምታ ካቆምን ሰነበትን። ምን ላድርግ? ወጪውስ የማን ነው?

ምላሽ፦ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡልኝ። ውሃው የሚወርደው በአምፖል፣ በማብሪያ ማጥፊያ ወይም በውሃ ማሞቂያው መስመር አጠገብ ነው? ከሆነ የዚያን ክፍል መብራት ከብሬከሩ ያጥፉ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያየው አያብሩት። ኮርኒሱ የጂፕሰም ሆኖ ወደ ታች አብጦ ከሆነም ከሥሩ አይቁሙ። ውስጡ የታቆረው ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ይመዝናል፣ ሳይታሰብ ኮርኒሱን ይዞት ሊወርድ ይችላል።

አሁን ወደ ጸቡ እንምጣ። ጎረቤትዎ አልዋሸም። የሱ ወለል ደረቅ መሆኑ እውነት ነው፣ የእርስዎ ጣሪያ መርጠቡም እውነት ነው። ሁለቱ አይጋጩም። በብዙ ሕንፃዎች የላይኛው መታጠቢያ ቤት የፍሳሽ ቧንቧ ሶሌታውን፣ ማለትም በሁለቱ ፎቆች መካከል ያለውን የኮንክሪት ወለል፣ በስቶ ከሥር ይወጣና ከላይ እስከ ታች ወደሚወርደው የጋራ ቋሚ ቧንቧ የሚሄደው በታችኛው ቤት ኮርኒስ ውስጥ ነው። ማለትም የሱ ሻወር ሲፎንና የሱ ሽንት ቤት ክርን ከእርስዎ ራስ በላይ ተንጠልጥለው ሊሆን ይችላል። እዚያ አንድ መጋጠሚያ ቢላቀቅ እሱ ጠብታ አያይም። የሚያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ቧንቧው በወለሉ ውስጥ ተቀብሮ ከሆነም ያው ነው። ውሃው ከሴራሚኩ ሥር ገብቶ ወደ ታች ይሰርጋል፣ የሴራሚኩ ፊት ግን ይደርቃል።

ስለዚህ «ቤትህ ይፈሳል» «አይፈስም» የሚለው ክርክር የትም አያደርስም። መጠየቅ ያለበት የትኛው ቧንቧ ነው የሚለው ነው። ይህ ሳይታወቅ ስለ ገንዘብ ማውራት ከተጀመረ ሁሉም ራሱን መከላከል ይጀምራል፣ ቧንቧውም እንደፈሰሰ ይቀራል።

ቧንቧውን ለመለየት የመጀመሪያው መሣሪያ ሰዓት ነው። ጣሪያው የሚንጠባጠበው መቼ እንደሆነ ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ። ቀንና ሰዓት ብቻ ይበቃል። የርጥበቱን ዳር ዳር በእርሳስ አስምረው ቀኑን አጠገቡ ይጻፉ፣ ከዚያ ፎቶ ያንሱት። ከሦስት ቀን በኋላ መስመሩን አልፎ ከሄደ እየሰፋ ነው።

መዝገቡ ብዙ ነገር ይናገራል። ውሃው ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ የሚወርድ ከሆነ፣ ከላይ ማንም ሰው ሳይኖርም የማይቆም ከሆነ፣ የንጹሕ ውሃ መስመር ሳይሆን አይቀርም። ይህ መስመር ሁልጊዜ ግፊት አለበት። ሌሊት ላይ ተጠቃሚ ስለሚቀንስ በመስመሩ ላይ ያለው ግፊት ከፍ ይላል፣ ፍሳሹም ይብሳል። የሚወርደው ሰው ሻወር ከወሰደ ወይም ሽንት ቤት ከለቀቀ በኋላ ወዲያው ከሆነ የፍሳሽ ቧንቧው ወይም መጋጠሚያው ነው። ሻወር ከተወሰደ ከብዙ ሰዓት በኋላ ቀስ እያለ የሚረጥብ ከሆነ ደግሞ ከሴራሚኩ ሥር ያለው ውሃ መከላከያ ተበላሽቷል ማለት ይቻላል። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ከሆነ ጎረቤትዎ የለበትም፣ የውጭውን ግድግዳና የሕንፃውን የዝናብ ውሃ መውረጃ ይመልከቱ። የሕንፃው አናት ላይ ታንከር ካለና ሌሊት ሲሞላ ብቻ ጣሪያዎ ከረጠበ ፍሎተሩ (ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) አልዘጋ ብሎ ታንከሩ ሞልቶ እየፈሰሰ ይሆናል።

አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አለ። ጣሪያው በሙሉ እኩል ላብ ላብ ካለው፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለበት ከሌለው፣ የሚብሰውም እርስዎ በሙቅ ውሃ ሲታጠቡ ከሆነ ያ እንፋሎት ነው። የሚሻለው በአየር ማስወጫ እንጂ በቧንቧ ሠራተኛ አይደለም። ጎረቤት ጋር ከመሄድዎ በፊት ይህን ከራስዎ በኩል ማጥራት ያስፈልጋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቦታውን በማመን ነው። ጠብታው ያለበት ቦታና ፍሳሹ ያለበት ቦታ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ውሃ በሶሌታው ሥር፣ በቧንቧው ጀርባ፣ በኤሌክትሪክ ገመዱ ማሳለፊያ ተከትሎ ሜትሮችን ሊሄድ ይችላል። የሚወርደው ዝቅ ያለ ቦታ ወይም ስንጥቅ ሲያገኝ ነው። በዚህ ምክንያት ከጠብታው ትክክል በላይ ያለውን ሴራሚክ ቆፍረው ደረቅ ሲሚንቶ የሚያገኙ ሠራተኞች ብዙ ናቸው። «እዚህ ጋ ነው፣ እንቆፍረው» ብሎ ሳይፈትሽ መዶሻ የሚያነሳ ባለሙያ ከመጣልዎ ያስቁሙት።

ፍተሻው ከባድ አይደለም፣ ግን ከላይ ቤት ትብብር ይፈልጋል። መጀመሪያ የንጹሕ ውሃውን እናጥራ። ጎረቤትዎ ቧንቧዎቹን ሁሉ ይዝጋ፣ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ሞልቶ ይቁም። ከዚያ የሱን ቤት የውሃ ቆጣሪ ቁጥር ፎቶ ያንሱና አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ማንም ሳይጠቀም ቆጣሪው ከተንቀሳቀሰ ከቆጣሪው ወዲህ የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው። በመካከል ታንከር ካለ ግን ተጠንቀቁ። ቆጣሪው የሚቆጥረው ታንከሩ ሲሞላ ነው፣ ስለዚህ ወደ ታንከሩ የሚሄደውን መስመር ሳትዘጉ የምታገኙት ውጤት ያሳስታችኋል። ቆጣሪው ከሄደ ወደ ውሃ ማሞቂያው የሚገባውን ሳራቺኔስካ (የመስመሩን መዝጊያ) ብቻ ዘግታችሁ ድገሙት። ከቆመ ፍሳሹ ያለው በሙቅ ውሃው መስመር ወይም በማሞቂያው ላይ ነው። ካልቆመ በቀዝቃዛው ላይ ነው። የምትሰበር ሴራሚክ በዚህ ብቻ በግማሽ ልትቀንስ ትችላለች።

ሽንት ቤቱ ራሱ ውሃ እያሾለከ ቆጣሪውን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ማጠራቀሚያው ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉና ግማሽ ሰዓት ሳትለቁ ቆዩ። ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ የማጠራቀሚያው መዝጊያ ጎማ አርጅቷል። ይህ የእርስዎን ጣሪያ አያረጥብም፣ የጎረቤትዎን የውሃ ሂሳብ ግን ይጨምራል። ብታገኙለት ያመሰግንዎታል።

ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ የፍሳሽ ቧንቧው ወይም ወለሉ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ በአንድ ቀን አንድ ፍተሻ ብቻ። ሁሉንም በአንድ ጠዋት ከሞከራችሁ የትኛው እንዳረጠበው አታውቁም። በመጀመሪያው ቀን ወለሉን ሳታረጥቡ በጎማ ቱቦ ቀጥታ ወደ ሻወሩ መውረጃ ውሃ ልቀቁ። 10 ደቂቃ ይበቃል። እርስዎ ታች ሆነው ይመልከቱ። ከወረደ የፍሳሽ ቧንቧው ነው፣ ነገሩ አለቀ። ካልወረደ በሌላ ቀን መውረጃውን በጨርቅና በፕላስቲክ ድፈኑና ሻወሩ ወለል ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ አቁሩ፣ ከበሩ ደፍ እንዳያልፍ። እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። ታች ርጥበት እንደታየ ግን ወዲያው ልቀቁት፣ ማስረጃው ተገኝቷል። ከወረደ ውሃ መከላከያው ነው። በዚህም ካልወረደ በሦስተኛው ቀን ግድግዳውን ብቻ በሻወሩ እጅ እርጩት። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ሙሌት ወይም የቧንቧው ራስ የሚወጣበት ቀዳዳ ሲያስገባ ይገኛል። ይህ ሲሆን ጥገናው በጣም ቀላል ነው፣ አንዳንዴ አንድ ቱቦ ሲሊከን ይበቃዋል። አሁኑኑ በኃይል የሚወርድ ውሃ ካለ ወይም ኤሌክትሪኩ አጠገብ ከሆነ ግን ውሃ የማቆሩን ፍተሻ አታድርጉ።

ባለቀለም ውሃ ማፍሰስም ይቻላል። ቀለሙ ታች ከታየ ጥሩ ማስረጃ ነው። ካልታየ ግን ምንም ማለት አይደለም። ሲሚንቶ ውስጥ ሲያልፍ ሊቀጥን ወይም ከቀናት በኋላ ሊደርስ ይችላል። «ቀለሙ አልወረደም፣ እኔ ነጻ ነኝ» የሚል ክርክር ከተነሳ አይቀበሉት።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ጎረቤትዎ በሩን ከከፈተ ነው። ሰላምታ አቁመናል ብለዋል። እኔ በሥራዬ ያየሁት፣ በሩን የሚዘጋ ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚዘጋው። ይፈራል። ሴራሚኩ ተሰብሮ ለወራት ያለ ሻወር መቅረት ያስፈራዋል። አከራዩ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ብሎ ከማስያዣው ላይ እንዳይቆርጥበት ይሰጋል። «አዎ ይፈሳል» ያለ ቀን ዕዳውን የተቀበለ ይመስለዋል። ስለዚህ እነዚህን ፍርሃቶች መጀመሪያ ያንሱለት። እንዲህ ማለት ይችላሉ፦ «ወንድሜ፣ ጥፋቱ ያንተ ነው አላልኩም። አንተም እንደኔ ተከራይ ነህ። ቧንቧው ካረጀ የሚመለከተው አከራዮቻችንን ነው። ሳይቆፈር እንፈትሸው፣ ውጤቱን አብረን እንላክላቸው። ምናልባት ከኔ ኮርኒስ በኩል ሊጠገን ይችላል፣ ያንተ ወለል አይነካም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ በር ከፍታለች። እውነትም ነች። የፍሳሹ መጋጠሚያ በእርስዎ ኮርኒስ ውስጥ ከሆነ የሚከፈተው የእርስዎ ኮርኒስ ነው፣ ያውም በእርስዎ አከራይ ፈቃድ።

ምሽት ላይ ደክሞ ሲገባ ደረጃ ላይ አያስቁሙት። በሌሎች ጎረቤቶች ፊትም አይናገሩት። ሰው ፊት የተወቀሰ ሰው እውነቱን ቢያውቅም አያምንም።

ወደ ወጪው ልምጣ። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግና እንደየውሉ ይለያያል፣ የእርስዎን የኪራይ ውል አውጥተው ስለ ጥገና የሚለውን ያንብቡ። ያም ሆኖ በብዙ ቦታ የሚሠራበት መርህ ተቀራራቢ ነው። አንድን ቤት ብቻ የሚያገለግል ቧንቧ የዚያ ቤት ባለቤት ኃላፊነት ነው፣ የሚያልፈው በሌላ ሰው ኮርኒስ ውስጥ ቢሆንም እንኳ። ብዙ ቤት የሚያገለግለው ቋሚ ቧንቧ የጋራ ነው፣ ጥገናውም የባለቤቶቹ ሁሉ። ተከራይ የሚጠየቀው በራሱ አጠቃቀም ላመጣው ጉዳት ነው። ቧንቧ ከፍቶ ረስቶ ቤቱን ካጥለቀለቀ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ቱቦ ራሱ አላልቶ ከገጠመ፣ ወይም ፍሳሹን እያወቀ ለማንም ሳይናገር ከቆየ ማለት ነው። የመጨረሻው እርስዎንም ይመለከታል። ጣሪያው መርጠቡን እያዩ ዝም ካሉ በዝምታዎ የሰፋው ጉዳት ከእርስዎ ሊጠየቅ ይችላል።

እንግዲህ ከጎረቤትዎ ጋር የተኳረፋችሁት ምናልባት ሁለታችሁም በማትከፍሉት ገንዘብ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም በየጊዜው የማየው ነው። ሁለት ተከራዮች ደረጃ ላይ ይጣላሉ፣ ሁለቱ ባለቤቶች ግን ተገናኝተው አያውቁም። አከራይዎ «ከጎረቤትሽ ጋር ተነጋገሪ» ማለቱ ትክክል አይደለም። ቤቱ የሱ ነው፣ የሚበሰብሰው ኮርኒስም የሱ ነው። የላይኛውን ቤት ባለቤት ማነጋገር ያለበት እሱ ነው። ይህን በትሕትና ግን በጽሑፍ ይንገሩት።

ጽሑፉ አጭር ይሁን። «የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ከዚህ ቀን ጀምሮ ይረጥባል። ፎቶዎቹን አያይዣለሁ። ርጥበቱ በሳምንት ውስጥ ይህን ያህል ሰፍቷል። የላይኛው ቤት ተከራይ ለፍተሻ ፈቃደኛ ነው። ኮርኒሱ እንዲከፈት ፈቃድዎንና ባለሙያ እንዲልኩ እጠይቃለሁ። የላይኛውን ቤት ባለቤት እንዲያነጋግሩም እጠይቃለሁ።» ይኸው ነው። ስድብ የለም፣ ዛቻ የለም። በስልክ መልእክት መላክ ይችላሉ፣ ቀኑ ስለሚመዘገብ። በቃል የተነጋገራችሁትንም ማታ ላይ «ዛሬ እንደተነጋገርነው» ብለው በአጭሩ ይጻፉለት። ሕንፃው የነዋሪዎች ኮሚቴ ወይም አስተዳዳሪ ካለው ቅጂው ይድረሰው። ስልክ ለማያነሳው ለላይኛው ባለቤት ደግሞ ጎረቤትዎ በራሱ ስም ይጻፍለት። ተከራዩ ሲጽፍለት ዝም ማለት ይከብደዋል።

ሲንኩ ሌላ ታሪክ ነው። እርስዎ ሳይጠቀሙ ቆሻሻ ውሃ የሚተፋ ሲንክ የሚተፋው የእርስዎን ውሃ አይደለም። ከላይ ያሉት ቤቶች የለቀቁት ውሃ በቋሚው ቧንቧ ሲወርድ መዘጋት ያጋጥመዋል፣ ይጠራቀማል፣ ያገኘው የመጀመሪያ ክፍት በእርስዎ በኩል ስለሆነ በዚያ ይወጣል። መዘጋቱ ያለው ከእርስዎ መጋጠሚያ በታች ነው። አሁን ሁለተኛ ፎቅ ወርደው ይጠይቁ። የነሱም ሲንክ ይተፋል? የማይተፋ ከሆነ የተዘጋው በሁለታችሁ መጋጠሚያዎች መካከል ነው። የሚተፋ ከሆነ ከነሱም በታች ነው። ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቀው ለባለሙያው ቢነግሩት የሥራውን ሰዓት ያሳጥሩለታል።

«አንቺ ነሽ የዘጋሽው» የሚለውስ? የጋራ ቧንቧ ውስጥ የረጋ ቅባት የአንድ ሰው ነው ማለት አይቻልም። ትኩስ ሆኖ የተደፋ ዘይት ወርዶ ወርዶ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። በላዩ ላይ የሌላው ቤት የምግብ ፍርፋሪ ይይዛል፣ የሦስተኛው ደግሞ ይጨመርበታል። ከእርስዎ በላይ ያሉት ቤቶች ሁሉ በዚያ ቦታ አልፈዋል። የሚጸዳውም በጋራ ወጪ መሆን አለበት። ውሃው እኔ ቤት አይወጣም ብሎ ከመዋጮው የሚሸሽ ጎረቤት ካለ፣ የለቀቀው ውሃ እርስዎ ወጥ ቤት ውስጥ እንደሚወጣ ያሳዩት። ካልታየ አይታመንምና ሲተፋ ቪዲዮ ይቅረጹ። ቋሚው ቧንቧ እስኪጸዳ ድረስ የላዮቹ ውሃ በትንሽ በትንሹ እንዲለቁ ይለምኗቸው።

እባክዎ አንድ ነገር አያድርጉ፤ የተዘጋ ቧንቧ መክፈቻ ኬሚካል አይድፉ። የተዘጋው ከእርስዎ ርቆ ነው፣ ኬሚካሉ አይደርስበትም። ከላይ በሚመጣው ውሃ ተመልሶ ፊትዎ ላይ ሊረጭ ይችላል። ቧንቧውን የሚፈታው ሠራተኛም እጁን ይቃጠላል። ቀድሞ የደፉት ካለ ሳይደብቁ ይንገሩት። አሲድ ያለበትን የሽንት ቤት ማጽጃና በረኪናን ደግሞ በፍጹም አያገናኙ፣ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በጋራ ቧንቧ ውስጥ እርስዎ አንዱን፣ ጎረቤትዎ ሌላውን ደፍታችሁም ሊገናኝ ይችላል።

በንዴት የሚደረጉ ሌሎች ነገሮችም አሉ። የላይኛውን ቤት ውሃ ከቆጣሪው ላይ መዝጋት። የሱን የፍሳሽ ቧንቧ ከኮርኒስዎ በኩል መድፈን። ኪራይ በራስ ውሳኔ ማስቀረት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተበዳይ ሆነው ሳለ በዳይ ያደርጉዎታል፣ ሦስተኛው በብዙ ቦታ ውልዎን ለማፍረስ ሰበብ ይሆናል። ኪራይ መቀነስ የሚቻልበት መንገድ ካለም ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያማክሩ አይጀምሩት። በጽሑፍ ጠይቀው ሳምንታት ካለፉ፣ የላይኛው ቤት አሁንም አልከፍትም ካለ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ይጠይቁ። ከዚያ ጉዳዩን ወደ ሕንፃው አስተዳደር ወይም ወደ አካባቢው የሚመለከተው ክፍል ይውሰዱት። ያኔ የእርሳሱ መስመርና ፎቶዎቹ ሥራቸውን ይሠራሉ።

ጥገናው ሲመጣ አንድ ትግል ይጠብቅዎታል። ጣሪያዎን ከታች ልስን አድርገውና ቀለም ቀብተው ሊሄዱ ይፈልጋሉ። አይፍቀዱ። ከታች የተለሰነ ፍሳሽ አልተጠገነም፣ ሶሌታው ውስጥ ተቆልፎበታል። ውሃው ሌላ መውጫ ይፈልጋል፣ በውስጥ ያለውን ብረትም ያዝገዋል። መጀመሪያ ቧንቧው ይጠገን፣ ከዚያ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ያው ፍተሻ ይደገም። የላይኛው ቤት ለጥቂት ቀናት እንደ ወትሮው ይታጠብ። እርስዎ ደረቅ መሆኑን በእጅዎ ዳስሰው ካረጋገጡ በኋላ ኮርኒሱ ይዘጋል። የሚቻል ከሆነ ከመጋጠሚያው ሥር የሚከፈት ትንሽ በር ያስተዉበት፣ ያለዚያ ወደፊት ለማየት ኮርኒስ መስበር አይቀርም።

ቀለሙ ደግሞ ይቆይ። ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቅ፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለማድረቅ አንድ ወር ያህል ይወስዳል የሚለው የግንባታ ሰዎች ልማዳዊ ስሌት ነው። እርጥብ ላይ የተቀባ ቀለም ይላላጣል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨውም ይወጣበታል። ያኔ «አሁንም ይፈሳል» ብለው እንደገና ከጎረቤትዎ ጋር ሊጋጩ ነው። በዚያ መሃል መስኮቱን ይክፈቱ፣ አየሩ ይመላለስ። ሻጋታ በረጠበ ነገር ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ማደግ ሊጀምር ይችላል። አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ይህን ለአከራይዎ በሚጽፉት ላይ ይጥቀሱ፣ ጉዳዩን ያፋጥነዋል።

ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት የቧንቧዎቹን ፎቶ ያንሱ። የትኛው መስመር ከየት መጥቶ የት እንደሚገናኝ ይታይ። አንዱን ቅጂ ለአከራይዎ፣ አንዱን ለላይኛው ጎረቤትዎ ይስጡ።